ባሌስትራ የሌለው ቆብ

ኪሮሼ ሁለት ሥራ አለው። ቀን ቀን የሰው ጸጉር ይስባል፣ ማታ ማታ ክር ይስባል። የምሠራው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ የር በሚባለው ሰፈር፣ መስታወቱ በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ነው። ደንበኞቻችን ገብተው በሩ ሲዘጋ ጅልባባቸውን አውልቀው ይሰቅላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅና የሠርግ ወሬ፣ መንገድ ላይ ያያቸው ሰው አይጠረጥርም። እኔ መጀመሪያ ሹሩባውን እጎነጉናለሁ፣ ቀጥሎ አርቴፊሻሉን ጸጉር በሹሩባው ሥር በኪሮሽ እያሾለክኩ እቋጥራለሁ። ከሶማሊኛ መጀመሪያ የያዝኳት ቃል «የር» ናት፤ ከሰፈሩ ስም ነው የተማርኳት። ጅግጅጋ የር ማለት ትንሿ ጅግጅጋ ማለት ነው። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ጣጣዬ የመጣው ከእጄ ሳይሆን ከአፌ ነው። በታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ማታ፣ የመጨረሻዋ ሙሽራ ከወጣች በኋላ፣ የቤቱ ባለቤት ስለ አባቷ ስታማርር ሰማሁ። እኛ ሠራተኞቹ «ኤዶ» ነው የምንላት፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በዕድሜ እንኳን ብዙም አትበልጠኝም፤ ግን ደሞዝ የሚከፍል ሰው አክስት መሆኑ አይቀርም። አባቷ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ብርዱ ጆሯቸውን እየመታቸው ተቸግረዋል። ከገበያ የሚገዛላቸው ቆብ ወይ ያሳክካቸዋል ወይ አናታቸው ላይ ጉብ ይልና ጆሮ አይሸፍንም።

ሀርጌሳ ሲባል በረሃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ከደሴ ስነሳ ሹራቤን ለእህቴ ትቼላት ነው የመጣሁት። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል ከ1300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ «ጂላል» በሚሉት ደረቅ ወራት ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። የሰጠሁት ሹራብ ስንቴ እንደታወሰኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አዘንኩ፤ አዝኜም ዝም አላልኩም። በዚያ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ «እኔ እሠራላቸዋለሁ፣ እናቴ ዳንቴል ሠሪ ናት» አልኩ።

እውነቴን ነው። እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮኑ ዳንቴል ነበረው፣ የሶፋው ክንድ ዳንቴል ነበረው፣ የውሃ ማሰሮው አፍ እንኳን ዳንቴል ነበረው። የቴሌቪዥኑ ጫፍ ወደ ፊት ስለሚንጠለጠል የዜና አንባቢው ግንባር ላይ ሁልጊዜ አበባ አይጠፋም ነበር። አንሥተነው ብናይ ደግሞ እናቴ ከጓዳ ሆና ታውቅብናለች። አጥባ፣ በስኳር ውሃ ነክራ፣ የተደፋ ብርጭቆ ላይ ዘርግታ ታደርቀዋለች፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ክረምት ጉንዳን ከነሰልፉ መጥቶበት ያውቃል፣ እሱን እንተወው። ዋናው ነገር ዳንቴል የሚመሰገነው ባለመንቀሳቀሱ ነው። ላላ ያለ ዓይን እናቴ ዘንድ የስንፍና ምልክት ነበር። «ይሄ ምንድን ነው፣ ወንፊት ነው?» ትልና አንድ ሳምንት የደከምኩበትን በአንድ ጉተታ ትተረትረዋለች። እጄ እንዲህ ነው የጠበቀው።

ቆብ ግን ዳንቴል አይደለም። ይሄን ለማወቅ አራት ወር ፈጀብኝ።

ሹራብ ላይ፣ እጅጌው ጫፍና ወገቡ ዙሪያ፣ ጎድን ጎድን የሚመስል መስመር አለ አይደል? ስንለብሰው ይከፈታል፣ ስናወልቀው ይገጥማል። እኛ ሰፈር ላስቲክ ነው የምንለው፤ ላስቲክ የሚባል ነገር ግን በውስጡ የለም፣ ሁሉም የአሠራር ጉዳይ ነው። በሁለት መርፌ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነው፤ አንዱን ዓይን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ እያለ ሲሄድ ጎድኑ በራሱ ይመጣል። እዚያ እያንዳንዱ ዓይን በሌላው ዓይን ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ቢጎትቱት ይሰፋል፣ ቢለቁት ይመለሳል። የኪሮሽ ዓይን በሌላ በኩል ተቆልፎ ነው የሚያድረው። እያንዳንዷ ቋጠሮ በራሷ ላይ በሯን ዘግታለች። ስለዚህ በኪሮሽ የሚለጠጥ ነገር እሠራለሁ የሚል ሰው ማታለያ ማወቅ አለበት። ማታለያዎቹም አንድ ሁለት አይደሉም፣ እኔም በየተራ ሁሉም ላይ ወድቄባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ልኬት መጣ። እኔ የሽማግሌውን ራስ መንካት ስለማይሆንልኝ ኤዶ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችልኝ። 57 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ከሁሉም የሚያምረውን ዘዴ መረጥኩ፤ ምርጫዬ በውበት መሆኑን ልብ በሉ። የታችኛውን ረድፍ አናቱን ሳይሆን ወገቡን፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያቀፉ መሥራት ነው። ጎድኑ እንደ ገመድ ጎልቶ ይወጣል። ወፍራም ነው፣ ክር ይበላል፣ ሲያዩት ግን የፋብሪካ ነው የሚመስለው። ከአዲስ አበባ ይዣቸው ከመጣሁት ሁለት የክር ጥቅሎች አንድ ተኩሉ አለቀ። 57 ሴንቲ ሜትር ሰንሰለት ሠራሁ፣ ገጠምኩት፣ በላዩ ላይ ወጣሁ። ደንበኞቻችን አዩት፣ ኤዶ አየችው፣ ሁሉም «ማሻ አላህ» አሉ።

አዴር (የሰፈሩ ልጆች ሽማግሌውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፣ አጎቴ እንደ ማለት) ቆቡን ተቀበሉ። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በጥልፍ የተሠራውን ኮፊያድ አውልቀው የኔን ለማድረግ ሞከሩ። ግንባራቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። በሁለት እጃቸው ሳቡት፣ ገባ፤ ግን እንዴት ገባ! ቅንድባቸው ወደ ላይ ተነሣ፣ ዓይናቸው እንደ ደነገጠ ሰው ፈጠጠ። ሰንሰለቱ እንደ ሽቦ ነው፤ በላዩ ያለው ጎድን የቱንም ያህል ሊከፈት ቢፈልግ ከታች የታሰረው ገመድ አይለቀውም። በዚያ ላይ ያ አቅፎ የመሥራት ዘዴ ጨርቁን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፤ የለካሁት 57 ሌላ፣ የወጣው ሌላ። አዴር ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ አድርገውት ወደ መስጊድ ሄዱ። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ የጎድኑ መስመር አንድ በአንድ ታትሟል።

«የር» አሉ በአንድ ቃል። ቀጥለው ግን ወደ እኔ ዞሩና ባልጠበቅኩት አማርኛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቆብ ባሌስትራ የለውም» አሉኝ።

አማርኛቸው የሹፌር አማርኛ ነው። በጉብዝናቸው ዘመን ከድሬዳዋ በጅግጅጋ አድርገው ሀርጌሳ ድረስ የጭነት መኪና ነድተዋል። ቀጥሎም በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ሀርጌሳን ሲደበድቡ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እኛ አገር ተሻገሩ፤ ጅግጅጋ አጠገብ ሀርቲሼክ የስደተኛ ጣቢያ ነበሩ። ከነዚያ ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ መሃል ከተማ አደባባይ ላይ ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ ከሥሩ ፎቶ የማይነሣ እንግዳ የለም። ሶማሌላንዶች ነጻነታቸውን ያወጁት ግንቦት 10 ቀን 1983 ነው፣ ማለት ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ 10 ቀን ሲቀረው። «የናንተም የኛም በአንድ ወር ተተረተረ» ይላሉ አዴር። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀራቸው አማርኛ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሲጭኑት የሚዘረጋ፣ ሲያራግፉት የሚመለስ ብረት ነው፤ ስለሚለጠጥ ጨርቅ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየትም አልሰማሁም።

ሁለተኛውን ልጀምር ስል የቀረው ክር አልበቃ አለኝ። ክር ፍለጋ ወሂን ገበያ ሄድኩ። ወሂን መጋቢት 2014 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የጋየው ትልቁ ገበያ ነው፤ ነጋዴው ሲቃጠልበት በየመንገዱ ዳር ተበተነ። «ዱን» እያልኩ ዞርኩ፣ ዱን በሶማሊኛ ክር ነው። የልብስ ስፌት ክር አመጡልኝ፣ የጆንያ መስፊያ አመጡልኝ፣ አንዱ የዓሣ ማጥመጃ ክር አመጣልኝ፤ በእጄ የሹራብ ምልክት ሳሳየው ልጅ የማዝል መስሎት ሳቀ። በመጨረሻ ነጭ የጥጥ ክር በጥቅል አገኘሁ። እዚህ አንዱ ዶላር ብዙ ሺህ ሺሊንግ ስለሆነ ዘርዛሪዎች ብሩን እንደ ጡብ ደርድረው ጎዳና ላይ ይቀመጣሉ፤ ለክር ብዬ አንድ ጡብ አልሸከምም፣ ዛድ በሚሉት የስልክ ገንዘብ መላኪያ ከፈልኩ። ሰዉ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የለመደው ነገር ነው፣ ሻይ እንኳን በዛድ ነው።

አሁን ትምህርት ያገኘሁ መስሎኛል። ሰንሰለቱ ካነቀኝ፣ ሰንሰለቱ የማያንቅበትን መንገድ ልያዝ። ላስቲኩ ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ ይሠራ። እንዲህ ነው፦ የላስቲኩን ስፋት ብቻ፣ 12 ዓይን፣ ትጀምሩና እየተመላለሳችሁ ረዥም መቀነት ትሠራላችሁ፤ ሲያልቅ ሁለቱን ጫፍ ገጥማችሁ ታዞሩታላችሁ። ተኝተው የነበሩት ረድፎች ቆመው ጎድን ይሆናሉ። ሚስጥሩ ደግሞ ከዓይኑ አናት ላይ ነው። የእያንዳንዱ ዓይን አናት እንደ ሹሩባ ጉንጉን ሁለት ክር ጎን ለጎን የተኛበት ነው፤ ለጸጉር ሠሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሁልጊዜ ኪሮሹን የምናሾልከው በሁለቱም ሥር ነው። ላስቲክ ሲሆን የኋለኛውን ብቻ ትወጋላችሁ፤ የፊተኛው ሳይነካ ይቀርና መስመር ሆኖ ይነሣል፣ ጨርቁም እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። ስትስቡት እጥፋቱ ይከፈታል። በአጭሩ ዓይኑ አይለጠጥም፣ እጥፋቱ ነው የሚለጠጠው። ለዚያውም ሰንሰለቱ አሁን የሚተኛው በስፋቱ በኩል ስለሆነ የማንንም ግንባር አያንቅም።

ሠራሁት፣ በ57 ሴንቲ ሜትር ልክ። ሳቡት፣ ተሳበ። ለቀቁት፣ ተመለሰ። አዴር ራሳቸውን ነቀነቁና ይዘውት ሻይ ቤት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ የሰማሁት ከልጃቸው ነው፤ ስለ ፖለቲካ እየተከራከሩ ቆቡ በዝግታ እየወረደ ቅንድብ አለፈ፣ ዓይን ሸፈነ፣ አፍንጫ ላይ ደረሰ። ጓደኞቻቸው ክርክሩን በዚያው አሸነፉ።

«ወይን» አሉኝ ማታ። ወይን ትልቅ ማለት ነው። የ«የር» ተቃራኒ እንዲህ ተገኘ።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ልኬቱ፤ የሚለጠጥ ነገር በራስ ልክ አይሠራም፣ ከራሱ ማነስ አለበት። ለ57 ራስ 51 ወይም 52 ሴንቲ ሜትር መቀነት ይበቃል፣ የቀረውን እጥፋቱ ይሞላዋል። ሁለተኛው ጥጡ ነው። ጥጥ መዘርጋት ያውቃል፣ መመለስ ይረሳል። ሱፍ ግን ጠጉሩ ራሱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሸማ ለባሽ አገር ስለሆንን ጥጥን መተቸት ይከብደኛል፤ ለላስቲክ ግን አይሆንም፣ አለቀ።

ሱፍ ከየት ይመጣል? ከሰልባጅ። በበርበራ ወደብ ገብቶ መንገድ ዳር በሸራ ላይ የሚዘረጋ የፈረንጅ ሹራብ ሞልቷል። አንዱን ግራጫ ሹራብ በደስታ ገዝቼ ልተረትር ቁጭ አልኩ። ክሩ አንድ ስንዝር ሄዶ ይበጠሳል፣ ሌላ ይጀምራል፣ ይበጠሳል። ማታውን ሙሉ ስተረትር አድሬ ያገኘሁት አንድ ቅርጫት ቁርጥራጭ ነው። ለካ ሹራብ ሲገዛ ተገልብጦ የጎን ስፌቱ መታየት አለበት! ጨርቁ ተቆርጦ በስፌት ማሽን ከተጠረዘ እያንዳንዱ ረድፍ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ጫፉ ሳይቆረጥ ተገጣጥሞ የተሰፋ ከሆነ ግን ክሩ ከእጅጌ እስከ ወገብ አንድ ሆኖ ይፈታል። ሁለተኛውን ሹራብ ሻጩ ፊት ገለበጥኩት። ተርትሬ ጠቀለልኩት፤ ክሩ እንደ እንዶሚ የተጠማዘዘ ስለነበር አጥቤ፣ ከሥሩ በውሃ የተሞላ የሻምፖ ጠርሙስ አስሬበት ሰቀልኩት። ደንበኞች «ይሄ የማን ጸጉር ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ሱፍ ካገኘሁ ዘንድ ስስት ያዘኝ፤ ከሁሉ የሚለጠጠውን ልሥራ አልኩ። እሱም ከኪሮሽ ዓይኖች ሁሉ አጭሩ ነው፤ የኋለኛውን ክር ወግቶ፣ ክሩን ስቦ፣ በዚያው ኪሮሹ ላይ ባለው ዓይን ውስጥ ማሾለክ ነው፣ ሌላ ጥምዘዛ የለውም። እኔ «ሾላኪ» ነው የምለው። በዚህ የተሠራ ላስቲክ የሁለት መርፌ ሥራ ነው የሚመስለው፣ ይለጠጣል ከተባለ ይሄ ነው። ችግሩ ረድፉ ቀጭን ነው፤ ለአንድ ቆብ 150 ረድፍ ያህል ይፈልጋል። ደግሞም ጠበቅ ያለ እጅን አይምርም።

የኔ እጅ የማን ነው? የእናቴ ነው። 20 ረድፍ ስደርስ በእጄ የያዝኩት ጣውላ ነበር። ኪሮሹ አይገባም፣ ከገባም አይወጣም። አውራ ጣቴ አበጠ፤ በማግስቱ የሰው ጸጉር ስጎነጉን ሙሽራዋ ሳትሆን እኔ ነኝ «ወይኔ» ያልኩት። ኤዶ ቤት መደርደሪያ ላይ የአያቷ «ሃን» አለ፤ የከብት አርቢ ሴቶች ከሥራ ሥር ጭረት የሚሰፉት የወተት ዕቃ ነው፣ ወተት ሞልተው ግመል ላይ ቢጭኑት ጠብ አይልም። ያን ቀን ሳየው የኔ ላስቲክ ወንድም መሰለኝ። ወተት ይይዝ ነበር እኮ!

መፍትሔው ትልቅ ኪሮሽ ነበር። እጅን «ላላ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስት ረድፍ ይታዘዝና አራተኛው ላይ ወደ እናቱ ይመለሳል። ኪሮሹ ሲወፍር ግን እጅ ሳይወድ በግዱ ትልቅ ዓይን ያወጣል። የኔ የጸጉር ኪሮሽ መርፌ አከል ናት። እዚህ ግንባታ ላይ የሚሠራ የባሌ አገር ልጅ የሆነ አናጢ አውቃለሁ፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው አድርጎ ከእንጨት ጠረበልኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ አፉን እንደ መንጠቆ አወጣው። ሲሰጠኝ «ለምንድን ነው?» አላለኝም።

ሥራው ተለወጠ። ያው ክር፣ ያው ዓይን፣ ያው እጅ፤ ጨርቁ ግን ሲስቡት እስከ እጥፉ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። በሦስት ሳምንት ማታ ማታ 150 ረድፍ ጨረስኩ፣ ገጠምኩ፣ ከላይ የአናቱን ሥራ ለመጀመር በየረድፉ ጫፍ አንድ አንድ ዓይን አነሣሁ። ጃንጥላ ወጣ። ቆቡ ከጆሮ በላይ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። የሾላኪ ረድፍ ቀጭን ነው አላልኳችሁም? 150 ዓይን ለ51 ሴንቲ ሜትር ምን በወጣው! ለሦስት ረድፍ ሁለት ዓይን ነው የሚነሣው፣ ማለት 100። ተረተርኩት። በዚህ ጊዜ መተርተር እንደ ማስነጠስ ቀሎኛል።

አዴር ቆቡን የተቀበሉኝ በሚያዝያ ነው። ብርዱ አልፏል፣ ዝናብ ጀምሯል፣ የከተማው ፍየል ሁሉ በየበረንዳው ተጠልሏል። ቆቡን አላደረጉትም መጀመሪያ። በሁለት አውራ ጣታቸው ወጠሩት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ወጠሩት፣ ጎማ እንደሚያይ ሰው አዘንብለው አዩት። ከዚያ አጠለቁት፤ ጆሮ ሸፈነ፣ ቅንድብ አልነካም።

«ባሌስትራ አለው» አሉ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት አላወለቁትም፣ ላባቸው እየወረደ።

ያ የመጀመሪያው ጠባብ ቆብ የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ጸጉር ቤቱ ውስጥ የሻይ ፔርሙዙን ለብሷል፤ ልክክ ብሎበት ሻዩን እስከ ማታ ያቆያል። የጥጡ ውስጥ የጸጉር ክሊፕ እናስቀምጣለን። አሁን የአዴር የሻይ ቤት ጓደኞች ሦስት ቆብ አዘዋል፣ የአንዳቸው ራስ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የእንጨቱ ኪሮሽ ግን ባለፈው ሳምንት አፉ ጋ ተሰብሯል፤ አናጢውም ወደ በርበራ ሥራ ሄዷል። ከአዲስ አበባ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሀርጌሳ የሚመጣ ሰው ካላችሁ፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ የብረት ቢሆን ይመረጣል፣ አንድ አንድ ይያዝልኝ። ዋጋውን በዛድ እልካለሁ።